ጨጓራችን ባክቴሪያን እንዴት ይመክታል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኛ ዘንድ «ጨጓራ አለብኝ» ማለት ታምሜያለሁ ማለት ነው፤ ጨጓራ የሌለው ሰው ያለ ይመስል። የሚያናድደንን ሰው እንኳ «ጨጓራዬን ላጠው» እንላለን። የጨጓራ ግድግዳ ቀንም ሌሊትም ስለሚያደርገው ጥበቃ ግን ብዙም አይወራም። ወሬው የሚነሳው አንድ ቀን ከላቦራቶሪ «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይዘን ስንወጣ ነው፤ ኤች ፓይሎሪ ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ጥያቄዎች ደጋግሜ ስለሰማሁ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ተፈጥሯዊ መከላከያ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አብሮን የሚወለደው ማለት ነው። በሽታ የመከላከል አቅማችን ሁለት ክንፍ አለው። አንደኛው እየተማረ የሚሄድ ነው። ኩፍኝ አንዴ የያዘው ሰው ዳግም የማይያዘው፣ ክትባትም የሚሠራው በእሱ ነው። ይህኛው ጠላቱን ለይቶ ያውቃል፤ ግን ዘገምተኛ ነው። አይቶት ለማያውቀው ጀርም ለመዘጋጀት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል።

ተፈጥሯዊው እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። የሌባውን ስም አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። አጥር የሚዘል ካየ ይጮኻል፣ ዱላውን ያነሳል፣ ጎረቤት ይጠራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ነው። ጨጓራ ውስጥ ደግሞ ዘበኛው ብቻውን አይደለም። አጥሩም፣ ውሻውም፣ በሩ ላይ የተሰቀለው ደወልም አብረውት ይሠራሉ።

አሲዱ ሁሉንም አይገድልም እንዴ?

ብዙውን ይገድላል። በባዶ ሆድ የጨጓራ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ከ1 እስከ 2 ነው፤ ከሎሚ ጭማቂም የባሰ ኮምጣጣ። ጨጓራ እንዲህ ያለውን ፈሳሽ በቀን 2 ሊትር ገደማ ያመነጫል። በዚያ ላይ ፔፕሲን የሚባል ኢንዛይም አለ። የሥጋውንም የሽሮውንም ፕሮቲን የሚቆራርጠው እሱ ነው፤ ባክቴሪያም ሲያገኝ አይምርም።

የአሲዱን ጉልበት ለማየት የኮሌራን ነገር ማንሳት ይበቃል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃደኛ ሰዎች የኮሌራ ባክቴሪያ ጠጥተው ነበር። አዎ፣ ጠጥተው። ባክቴሪያው እንዲሁ ሲሰጣቸው፣ ሰው ለማሳመም በመቶ ሚሊዮኖችና ከዚያም በላይ የሚቆጠር ያስፈልግ ነበር። ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም ወጥ ቤት ቤኪንግ ሶዳ የምንለው፣ አብሮ ሲሰጣቸው ግን አንድ ሚሊዮን ያህሉ በቂ ሆነ። ሶዳው አሲዱን አለዘበው፤ በሩም ተከፈተ።

እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ አሲድ ቀናሽ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎችም እንደ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ባሉ ባክቴሪያዎች በሚመጣ ተቅማጥ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሐኪም ያዘዘላችሁን ጣሉት ማለቴ አይደለም። «ለማንኛውም» እየተባለ ለዓመታት የሚዋጥ ክኒን ግን አይደለም።

አሲዱን የሚችሉም አሉ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ከ10 እስከ 100 የሚሆኑ ባክቴሪያዎች ብቻ ገብተው ሰው አልጋ ላይ ይጥላሉ። ምግብም ቢሆን ለጊዜው አሲዱን ያቀጥነዋል፤ ባክቴሪያው በጉርሻው መሃል ተሸሽጎ ሊያልፍ ይችላል።

እንዲህ ያለ አሲድ ጨጓራውን ራሱን ለምን አይበላውም?

ተልባ ዘፍዝፋችሁ ታውቁ ይሆናል። አድሮ ጠዋት ማንኪያ ስታስገቡበት ተከትሎ ይወጣል። እየተሳበ፣ አልቆረጥ እያለ። የጨጓራችንን ግድግዳ የሚሸፍነውም እንዲህ ያለ ዝልግልግ ነገር ነው። ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የተሠራው ሙሲን ከሚባሉ፣ ዙሪያቸውን ስኳር እንደ ቅርንጫፍ ከበቀለባቸው ረጃጅም ፕሮቲኖች ነው። ከሥሩ ያሉት ሴሎች ደግሞ ባይካርቦኔት ይለቁበታል። በዚህ ምክንያት ከላይ፣ በምግቡ በኩል ፒኤቹ 2 ሆኖ ሳለ ከታች፣ ሴሉ ደጃፍ ላይ 7 አካባቢ ይደርሳል። በዚያች በምታህል ውፍረት ውስጥ ከኮምጣጤ የባሰው ወደ ተራ ውሃ ይለወጣል። እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ለዱለት ጨጓራ ያጠበ ሰው «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም» ሊል ይችላል። ልክ ነው። ያ ፎጣ የመሰለው የበግ ጨጓራ ሣር የሚብላላበት ጋን እንጂ የአሲድ ቤት አይደለም። የኛን የሚመስለው የበጉ ሆድ አራተኛው ክፍል ነው።

ሴሎቹም ብዙ አይቆዩም። የላይኛው ረድፍ ከ3 እስከ 5 ባሉት ቀናት ውስጥ ይረግፍና በአዲስ ይተካል። ሴሉ ላይ ሙጭጭ ያለ ባክቴሪያ ካለ አብሮ ተጠርጎ ይሄዳል።

ይህን ጥበቃ በደንብ የሚያሳሳው ቤት ውስጥ የማይጠፋ መድኃኒት ነው፤ ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ አስፕሪን። ዝልግልጉና ባይካርቦኔቱ በደንብ እንዲመነጩ የሚያዘው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ሕመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ በማድረግ ነው። ወገቡን አሻለኝ ያለ ሰው ጨጓራውን የሚያመው ለዚህ ነው።

ዝልግልጉን አልፎ የመጣ ባክቴሪያስ ምን ይጠብቀዋል?

መርዝ ይጠብቀዋል። እንባችንና ምራቃችን ውስጥ ያለው ላይሶዛይም የሚባል ኢንዛይም እዚህም አለ፤ የባክቴሪያን ግድግዳ ይቆራርጣል። ላክቶፌሪን ብረት ይደብቃል፤ ብረት ያላገኘ ባክቴሪያ መራባት ያቅተዋል። ዲፌንሲን የሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች ደግሞ ባክቴሪያው ገላ ላይ ተለጥፈው ይበሱታል። ከእነሱ አንዱ ሁልጊዜ ይመረታል። ሌላው ደወል ሲደወል ብቻ ይወጣል።

ከሁሉም የምወደው ግን የሙሲን አንዱ ዘመድ የሚሠራውን ነው። ይኼኛው በሴሉ ቆዳ ላይ ተተክሎ እንደ ፀጉር የቆመ ነው። ባክቴሪያው ሴሉን ያዝኩ ብሎ እሱን ሲይዝ፣ ሙሲኑ ከሥሩ ተበጥሶ አብሮት ይሄዳል። እንሽላሊት ጅራቷን ጥላ እንደምታመልጠው።

ከጥልቀት፣ ከዕጢዎቹ የሚወጣ ሌላ ሙሲንም አለ። ጫፉ ላይ ያለው ስኳር ኤች ፓይሎሪ ግድግዳውን እንዳይሠራ ያደናቅፈዋል። የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን በ2004 ሲያሳዩ ተፈጥሯዊ አንቲባዮቲክ መሆኑ ነው የታወቀው። ባክቴሪያው በአብዛኛው ከላይኛው ዝልግልግ ውስጥ የሚገኘው፣ ወደ ሥሩ ብዙም የማይወርደው አንድም ለዚህ ነው።

ሴሎቹ ባክቴሪያ መምጣቱን በምን ያውቃሉ?

በመዳሰስ። ባክቴሪያ የኛ ሴሎች የሌሏቸው ነገሮች አሉት፦ ከስብና ከስኳር የተሠራ የላይ ካባ፣ የሚዋኝበት ጅራት፣ ልዩ የግድግዳ ቁራጮች። የኛ ሴሎች እነዚህን የሚለዩ ተቀባዮች አሏቸው። ዋነኞቹ «ቶል መሰል ተቀባዮች» ይባላሉ። ስሙ የመጣው ፍራፍሬ ላይ ከምትንጫጫው ትንሽ ዝንብ ነው፤ ቶል የዝንቧ ጂን ነው። ጁልስ ሆፍማን በ1996 ያ ጂን ዝንቧን ከሻጋታ እንደሚጠብቃት አሳየ። በ1998 ብሩስ ቦይትለር ተመሳሳዩን በአይጥ ላይ አገኘ። በ2011 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ሌሎቹ ተቀባዮች ሴሉ ውስጥ ነው ያሉት። ኖድ 1 የሚባለው የባክቴሪያ ግድግዳ ቁራጭ ሲያገኝ ይነቃል። ኤኤልፒኬ 1 ደግሞ ባክቴሪያዎች የሚሠሩትን አንድ የስኳር ዓይነት ያሸታል። የትኛውም ይንቃ፣ ሴሉ ኢንተርሊውኪን 8 የሚባል መልእክት ወደ ደም ሥሩ ይልካል። ያንን ያሸቱ ኒውትሮፊሎች፣ የነጭ የደም ሴል ፈጥኖ ደራሾች፣ ከደም ሥሩ ግድግዳ መሃል ተሹለክልከው ይወጣሉ።

እነሱ ሲደርሱ ነገሩ ይከራል። ባክቴሪያውን ይውጣሉ፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይረጫሉ። በረኪና ውስጥ የሚገኘውን ዓይነት ክሎሪን ያለበት አሲድም ራሳቸው ይሠራሉ። በረኪና ደግሞ ታውቁታላችሁ። እድፉን ብቻ መርጦ አይነካም፤ ጨርቁንም ይበላል። ይህችን ነገር ያዟት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ታዲያ ኤች ፓይሎሪ ይህን ሁሉ እንዴት አለፈ?

በጉልበት አይደለም። ብልጥ ነው።

ከአሲዱ እንጀምር። ኤች ፓይሎሪ አሲድ አይወድም። እንዲያው ጨጓራው መሃል ቢቆይ በደቂቃዎች ያልቅለታል። ግን ዩሪዬዝ የሚባል ኢንዛይም በብዛት ይሠራል፤ ከፕሮቲኑ እስከ 10 በመቶ የሚደርሰው ይኸው ነው። ዩሪዬዝ በሰውነታችን ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ዩሪያ ሰብሮ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያው አሲዱን ያከሽፋል። ባክቴሪያው የራሱን ትንሽ ጃንጥላ ዘርግቶ ነው የሚሄደው። ዝልግልጉም አሲዱ ሲቀንስለት ከጄልነት ወደ ፈሳሽነት ይላላል፤ መንገድ ይከፈትለታል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ባለ ካሜራ ቀጭን ቱቦ፣ ከጨጓራ ግድግዳ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ትቆነጠራለች። ዩሪያ ያለበት ቢጫ ጄል ውስጥ ትከተታለች። ከዚያ መጠበቅ ነው። ባክቴሪያው ካለ፣ መጀመሪያ ቁራጯ ዙሪያ ጄሉ ፈዘዝ ያለ ብርቱካንማ ይሆናል። ቀስ በቀስ ሮዝ፣ በመጨረሻም ደማቅ ቀይ ሐምራዊ። ያ ቀለም የአሞኒያው ሥራ ነው። ጨጓራችሁ ውስጥ ሲዘረጋ የኖረው ጃንጥላ ማለት ነው።

ቀጥሎ ቅርጹ። ጠመዝማዛ ነው። ጫፉ ላይ ጅራቶች አሉት። የአሲዱን መጠን እየዳሰሰ አሲድ ካለበት ይሸሻል፤ ወደ ሴሎቹ ይዋኛል። ዝልግልጉ ከሥር ለሴሎቹ የሠራውን ምቹ ቦታ እሱም ይጋራዋል።

ከዚያ ወደ ደወሉ። እዚህ ላይ ነው ብልጠቱ። ጅራቱ የተሠራበት ፕሮቲን የኛ ተቀባይ ከሚያውቀው ለየት ያለ ስለሆነ አይደወልበትም። የላይ ካባውም ከሌሎች ባክቴሪያዎች ተለውጦ የተሠራ ነው፤ ተቀባያችን ሲዳስሰው እምብዛም አይነቃም። ዲፌንሲኖችም እንደልብ አይለጠፉበትም። ካባው ላይ ደግሞ የኛ የደም ዓይነት ምልክቶችን የሚመስሉ ስኳሮች ይለብሳል። የዘበኛውን ካፖርት ለብሶ የገባ ሌባ ማለት ነው። ኮሌስትሮል እንኳ ከኛ ሴሎች ሰርቆ፣ ስኳር ለጥፎበት ለራሱ ግድግዳ ያደርገዋል።

ኒውትሮፊልና ማክሮፌጅ (ጀርም የሚውጥ ሌላ ነጭ የደም ሴል) ቢደርሱበትስ? የሚረጩበትን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ካታሌዝ በሚባል ኢንዛይም ውሃና ኦክስጅን ያደርገዋል። ማክሮፌጅ መግደያ ጋዝ የሚሠራበትን አርጂኒን የሚባል ንጥረ ነገርም ቀድሞ ይበላበታል።

ስህተት አይሠራም ማለት ግን አይደለም። አንዳንዶቹ ኤች ፓይሎሪዎች መርፌ የመሰለ መሣሪያ አላቸው፤ በእሱ ካግኤ የሚባል ፕሮቲን ወደ ሴላችን ይወጋሉ። ሲወጉ ታዲያ የግድግዳቸው ቁራጭና ያ ስኳር አብሮ ይገባል። ውስጥ የተቀመጡት ኖድ 1ና ኤኤልፒኬ 1 ያኔ ይነቃሉ። የጨጓራ መቆጣቱ በመርፌኞቹ የሚብሰው ለዚህ ነው።

የሚያመኝ ባክቴሪያው ነው ወይስ የራሴው መከላከያ?

በአብዛኛው የራሳችሁ መከላከያ ነው። መልሱ ደስ አይልም፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ባክቴሪያው የራሱ መርዞች አሉት። ግድግዳውን ለዓመታት የሚያቆስለው ግን እሱን ለመግደል የሚመላለሰው የኒውትሮፊል በረኪና ነው። ሌባው አልተያዘም፤ ግቢው ግን በዱላ ተሰባበረ።

ይህ የታወቀው ደግሞ በድፍረት ነው። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የሚባሉ ሐኪሞች ጠመዝማዛውን ባክቴሪያ በታካሚዎች ጨጓራ ውስጥ ያዩ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን አልበቅል አላቸው። ከ30 በላይ ሙከራዎች ከሸፉ፤ ሳህኖቹ ሁለት ቀን እየቆዩ ይጣሉ ነበር። በ1982 የፈረንጆቹ ፋሲካ መጣ። ሥራ ተዘጋ፤ ሳህኖቹ ተረስተው አምስት ቀን ቆዩ። ሲመለሱ በቅሏል። ለካስ ባክቴሪያው ዘገምተኛ ኖሯል!

ሆኖም ያመናቸው ሰው ጥቂት ነበር። አልሰር፣ ማለትም የጨጓራ ቁስል፣ በጭንቀትና በአሲድ ይመጣል ይባል ነበርና። በ1984 ማርሻል ጨጓራው ጤነኛ መሆኑን በኢንዶስኮፒ አሳይቶ ባክቴሪያውን ጠጣ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የአፍ ሽታ መጣ። በ10ኛው ቀን ጨጓራው መቆጣቱ በምርመራ ታየ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማል። በ14ኛው ቀን ግን መቆጣቱ በአብዛኛው ለቆት ነበር። ኒውዚላንድ ውስጥ አርተር ሞሪስ የሚባል ሐኪም ደግሞ ጠጥቶ ባክቴሪያው ለዓመታት አልለቀው አለ። ተመሳሳይ ባክቴሪያ፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ውጤት። ማርሻልና ዋረን በ2005 ኖቤል ወሰዱ።

ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። በሕይወት ዘመናቸው አልሰር የሚይዛቸው ከ100ው ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ናቸው። ወደ ጨጓራ ካንሰር የሚሄደው በጣም ጥቂቱ ነው፤ ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባክቴሪያውን በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የመቆጣቱ ልክ ከሰው ሰው የሚለያየው በከፊል በዘር ነው። ለምሳሌ ኢንተርሊውኪን 1 ቤታ የሚባለውን የመከላከያ መልእክት አብዝተው የሚያመርቱ ሰዎች አሉ። ይህ ንጥረ ነገር አሲድ በኃይል ይቀንሳል። አሲድ ሲቀንስ ባክቴሪያው ይስፋፋል፣ ግድግዳው እየሳሳ ይሄዳል፤ የካንሰር ሥጋታቸውም ከሌላው ከፍ ይላል።

ሰውነቴ ቀስ ብሎ ራሱ አያጠፋውም?

እምብዛም። ብዙውን ጊዜ የሚይዘን በልጅነታችን ነው፤ መድኃኒት ካልወሰድን ለአሥርት ዓመታት አብሮን ይኖራል። የሚማረው መከላከያም ዝም አይልም። ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ችግሩ ባክቴሪያው ያለው ዝልግልጉ ውስጥ ነው፤ ከደም ርቆ፣ አጥሩና ቤቱ መሃል።

በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ግማሽ ያህሉ ሰው ይህ ባክቴሪያ አለበት። አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም አውሮፓ ሄደው «ፈረንጅ አገር መጥቼ ጨጓራ ያዘኝ» የሚሉ ወገኖቻችንም ብዙዎቹ ባክቴሪያውን ከልጅነት ጀምሮ ይዘውት የሄዱ ናቸው።

የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ሆነብኝ፤ መድኃኒት ልጀምር?

ቆይ። የደም ምርመራው የሚያየው ፀረ እንግዳ አካሉን ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ ለዓመታት ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። አሁን ያለውን የሚያሳየው የሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያውን ቁራጭ ሰገራ ውስጥ የሚፈልግ) ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። የትንፋሹ የሚሠራው በዚያው በዩሪዬዝ ነው፦ ምልክት የተደረገበት ዩሪያ ትጠጣላችሁ፤ ባክቴሪያው ካለ ይሰብረዋል፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በትንፋሻችሁ ይለካል።

ከምርመራው በፊት አሲድ ቀናሹን ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን ለ4 ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል። አለዚያ ባክቴሪያው አንገቱን ይደፋና ውጤቱ በሐሰት ኔጋቲቭ ይላል። ሕክምናው ካለቀም በኋላ ቢያንስ 4 ሳምንት ጠብቆ ድጋሚ መመርመር ተገቢ ነው። ይህን የሚያደርገው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሕመሙ ሲቀል ይረሳል።

በርበሬ፣ ቡና፣ ጾም?

በርበሬ ባክቴሪያ አያመጣም። የተቆጣ ጨጓራ ላይ ሲደርስ ግን ያቃጥላል፤ ቁስል ላይ ሚጥሚጣ እንደመነስነስ ነው። ቡናም አሲድ ያስነሳል፤ የሚነሳባችሁ ከሆነ ቀንሱ። ጾም ባክቴሪያውን አያስርበውም። የሚበላው ሽሮ አይደለምና።

ነጭ ሽንኩርት፣ አብሽ፣ ማር፣ «ኢሚውኒቲ የሚጨምር» እንክብልስ?

ነጭ ሽንኩርትም ማርም ላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያውን ይገድላሉ። ጨጓራ ግን ሳህን አይደለም። አሲድ አለው፣ ዝልግልግ አለው፣ በየሰዓቱ ወደ አንጀት ይገለብጣል። አብሽና ተልባ የሚያረጋጉት ሰው ይኖራል፤ ጠዋት ጠዋት መጠጣቱን አልቃወምም። ባክቴሪያውን ያጠፋሉ ብሎ ሕክምና መተው ግን ሌላ ነገር ነው።

እንክብሉን በተመለከተ አስተያየቴ አጭር ነው። ኤች ፓይሎሪ ያለበት ሰው ችግሩ የመከላከያ ማነስ አይደለም። መከላከያው እየተኮሰ ነው፤ ዒላማውን ነው የሳተው። ተጨማሪ ጥይት ምን ይረባዋል?

ሕክምናው ለምን ይሄ ሁሉ ክኒን ሆነ?

አንድ አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃም። የተለመደው አሲድ ቀናሽ ከሁለት አንቲባዮቲክ ጋር ነው፤ ለምሳሌ ከአሞክሳሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀናት። አሲድ ቀናሹ ለሕመም ማስታገሻ ብቻ የገባ ይመስላል፤ አይደለም። አሲዱ ሲቀንስ አንቲባዮቲኩ ሳይበላሽ ይቆያል። ባክቴሪያውም ተመችቶት መራባት ይጀምራል። አሞክሳሲሊን ደግሞ የሚመታው ግድግዳ እየሠራ የሚራባውን ባክቴሪያ ነው።

ክላሪትሮማይሲንን የለመዱ ባክቴሪያዎች እየበዙ ስለሆነ፣ ቢስመዝ የሚጨመርበት ባለ አራት መድኃኒት ሕክምናም ይታዘዛል። ቢስመዝ ሰገራ ያጠቁራል፤ አትደንግጡ። ቢስመዝ ወይም የብረት ክኒን ሳይወስዱ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ካያችሁ ግን የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የመድማት ምልክት ነው። ደም ማስመለስ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስና ምግብ አልወርድ ማለትም እንደዚያው።

የጎረቤት ትራፊ መድኃኒት አትዋጡ። በአምስተኛው ቀን «ተሽሎኛል» ብሎ የሚያቆም ሰው የተረፉትን ባክቴሪያዎች ማሠልጠኑ ነው።

ክትባት የለውም?

ለሽያጭ የቀረበ የለም። ቻይና ውስጥ በአፍ የሚሰጥ ክትባት በ4 ሺህ ከሚበልጡ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ በ2015 ውጤቱ ታትሟል። በመጀመሪያው ዓመት ከ70 በመቶ በላይ ተከላክሎ ነበር። ገበያ ላይ ግን አልዋለም።

በጉርሻ ይተላለፋል?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ከሳቅ ጋር ነው የሚመጣው። ባክቴሪያው በዋናነት የሚተላለፈው ቤተሰብ ውስጥ፣ በልጅነት ነው፦ በምራቅ፣ በትውከት፣ ከሰገራ በኋላ ባልታጠበ እጅ፣ ባልተጣራ ውሃ። ስለዚህ ለሕፃን አኝኮ ማጉረስ ይቅር። በታጠበ እጅ፣ ጣት አፍ ውስጥ ሳይገባ የተሰጠ የትልቅ ሰው ጉርሻ ግን ከዚህ ሁሉ ትንሹ ሥጋት ነው። አክስቴ ይህን ስነግራት «እኔ እኮ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስታጠብ ነው የኖርኩት፤ ይልቅ አንተ ታጥበሃል?» ብላ እጄን ገልብጣ አየችው።